ፈርስት፣ ላስት እና አደራ

ቶሮንቶ አዲስ የገባ ኢትዮጵያዊ ቤት መፈለግ ሲጀምር ቶሎ ከሚማራቸው ቃላት ሁለቱ «ፈርስት» እና «ላስት» ናቸው። «ፈርስትና ላስት ይዘሻል?» ይሏታል፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወር ኪራይ አሁኑኑ መክፈል ትችያለሽ ወይ ማለታቸው ነው። ቃላቱ ከእንግሊዝኛ ቢመጡም በዳንፎርዝ ጎዳና ካፌዎች ውስጥ ከአማርኛው ጋር ስለከረሙ ባዕድ ናቸው የሚላቸው የለም። ጣጣ የሚያመጣው ሦስተኛው ቃል ነው፤ «ዲፖዚት»። አንዳንዱ ላስትን ዲፖዚት ይለዋል። ሌላው ዲፖዚት የሚለው ከላስት በላይ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚያዘውን ገንዘብ ነው። ሁለቱን ደባልቆ የሚጠራም አለ። ተከራይ ሲገባ ልዩነቱ ማንንም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ሲወጣ ነው።

በኦንታሪዮ ሕግ ሦስተኛው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ሕግ በ105ኛው አንቀጹ አከራይ ሊቀበለው የሚችለው ብቸኛ መያዣ የኪራይ መያዣ መሆኑን ይናገራል። ተከታዩ አንቀጽ ልኩን ያበጅለታል፤ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም፣ የሚውለውም ተከራዩ ለሚኖርበት ለመጨረሻው ወር ኪራይ ብቻ ነው። ለቀለም፣ ለጽዳት፣ ለሚሰበር መስኮት ተብሎ ቀድሞ የሚያዝ ገንዘብ ክልክል ነው። ለቁልፍ መያዣ መቀበል ይፈቀዳል፤ እሱም ቢሆን ቁልፉን ለመተካት ከሚወጣው ወጪ መብለጥ የለበትም፣ ቁልፉ ሲመለስም ይመለሳል።

በሴፕቴምበር 2022 አንዲት የአረጋውያን ተንከባካቢ ሆና ሌሊት ሌሊት የምትሠራ ሴት ከግሪንዉድ የባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ ቤዝመንት ተከራየች። አከራዩ የሀገሯ ሰው ናቸው፤ ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ ታክሲ ነድተው ቤት የገዙ፣ ልጆቻቸውን እዚያው ወልደው ያሳደጉ። ያገናኛቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም የጋራ ወዳጅ ነው። ኪራዩ በወር 1,400 ዶላር ነበር፤ ለአካባቢው ውድ አይባልም። ፈርስትና ላስት 2,800 ሰጠች። አከራዩ ገንዘቡን ተቀብለው ጥቂት ዝም አሉና አምስት መቶ ጨምሪ አሏት።

«ይቺ ለማንኛውም ነች። አደራ ትቀመጣለች፤ ስትወጪ ትወስጃታለሽ፣ ልጄ።»

«እሺ ጋሼ።»

ደረሰኝ አልተጻፈም። ኦንታሪዮ ከ2018 ጀምሮ ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አንድ ዓይነት የውል ቅጽ እንዲሞላ ታዛለች፤ እሱም አልተሞላም። ሰውየው ሊያታልሉ አስበው ነበር ማለት ግን አይደለም። «ጋሼ» ተብሎ የተጠራ ሰው ደረሰኝ ይጻፉልኝ ሲባል የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ጠያቂዋም ታውቀዋለች። እንግሊዝኛው «ላንድሎርድ» ሲል ጌትነቱን በቃሉ ውስጥ ይዞታል፤ ቢያንስ አይደብቀውም። «ጋሼ» የሚለው ቃል ታላቅ ወንድምን ያመጣና በአከራይና በተከራይ መካከል ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ውል መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር ይሆናል።

ሁለት ዓመት በሰላም ኖረች። በጁን 2024 መጨረሻ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን የ60 ቀን ማስታወቂያ በተገቢው ቅጽ ሞልታ ሰጠች፤ ኦገስት 31 ልትወጣ። ኦገስት ሲገባ አከራዩ ኪራይ ጠየቁ።

«ጋሼ፣ የኦገስት እኮ ተከፍሏል። ላስት ሰጥቼ የለ?»

«ላስት መያዣ ነው። ኪራይሽን ክፈዪ፣ ቤቱን አየዋለሁ፣ ከዚያ ላስትሽን ትወስጃለሽ።»

ሰውየው የተናገሩት ከልባቸው ነበር። «ላስት» ለሚለው ቃል በአእምሯቸው የያዙት ትርጉም «መያዣ» ነው፤ መያዣ ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ የሚያዝ ነገር ነው። በሕጉ ዘንድ ግን ላስት ሲጀመርም ኪራይ ነው፤ አስቀድሞ የተከፈለ፣ ቀኑን የሚጠብቅ ኪራይ። ኦገስት ሲገባ ተበልቶ ያልቃል፤ የሚመለስ ነገር የለውም። እዚያው የተወለደችው ልጃቸው በሁለት ደቂቃ አስረድታ ነገሩን ዘጋችው። ብዙ ቤት ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ተከራዩ የመጨረሻውን ወር ዳግመኛ ከፍሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት «ዲፖዚቴን» እያለ ይደውላል።

የቀረችው አምስት መቶዋ ናት። ቁልፍ በምትመልስበት ቀን አከራዩ በምድጃው በኩል ያለውን ግድግዳ በእጃቸው ዳበሱት። በርበሬና ዘይት ጠጥቷል፣ ሽታውም ቀለም ካልተቀባ አይወጣም፣ ቀቢ ስንት እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ አሏት። ግድግዳው በእርግጥም ቢጫ ነበር። ሁለት ዓመት ወጥ የተሠራበት ግድግዳ ሌላ ምን ዓይነት ቀለም ሊኖረው እንደሚችል ማንም አልጠየቀም።

ኦንታሪዮ እንዲህ ዓይነቱን ጭቅጭቅ ስታውቀው ቆይታለች። የክፍለ ሀገሩ የሕግ ማሻሻያ ኮሚሽን በ1968 ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ ጊዜያዊ ሪፖርት አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮም ከመጨረሻው ወር ኪራይ በቀር ሌላ መያዣ መቀበል ተከለከለ። ለዚያችም ለአንዲቷ ወር አከራዩ በዓመት 6 በመቶ ወለድ እንዲከፍል ተደረገ። ክልከላው ከሩቅ ሲታይ የሂሳብ አሠራር ማስተካከያ ይመስላል። የለወጠው ግን ለማኙ ማን እንደሚሆን ነው። ገንዘቡ በአከራዩ እጅ ሳለ ግድግዳው ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም የሚለውን የሚፈርደው እሱ ነው፤ ያልተስማማ ተከራይ ሄዶ ይክሰስ። ገንዘቡ በተከራዩ ኪስ ሲቀር ደግሞ ተበላሽቷል ባዩ ነው ማስረጃ ይዞ የሚሄደው። የዛሬው ሕግም አከራዩን ባዶ እጁን አልተወውም። ተከራዩ ሆን ብሎ ወይም በቸልታ ያደረሰውን ጉዳት ማስከፈል ይችላል፤ ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ተከራዩ ከወጣ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ለአከራይና ተከራይ ቦርድ ማመልከት ተፈቅዶለታል። በኑሮ ብዛት የደበዘዘ ቀለም ግን እንደ ጉዳት አይቆጠርም።

ካናዳ በዚህ ጉዳይ አንድ ሀገር አይደለችም። ኩቤክ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ በስተቀር ምንም አስቀድሞ መጠየቅን ትከለክላለች። አልበርታ እስከ አንድ ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ትፈቅዳለች። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የግማሽ ወር ትፈቅድና አከራዩ ኪራዩ ካበቃና የተከራዩን አዲስ አድራሻ በጽሑፍ ካገኘ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ካልመለሰ፣ ወይም ይገባኛል ብሎ ካላመለከተ፣ እጥፍ አድርጎ እንዲከፍል ታስገድዳለች። ይህ «እጥፍ» ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ሲናገር ያንኑ ይላል፤ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፍ ይመልሳል።

ስለ ቀብድ ያለው ግንዛቤ ተከራዮችን ብዙ ጊዜ የሚጎዳቸው በሌላ በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀብድ ሰጥቶ የቀረ ሰው ገንዘቡ እንደቀረ አምኖ ይሄዳል፤ ሕጉም ልማዱም እንዲያ ነው። ያንን ልማድ ይዞ ቶሮንቶ የመጣ ሰው ለአከራይ የሰጠውን ማንኛውንም ቅድሚያ ገንዘብ በልቡ ቀብድ ያደርገዋል። ሲወጣ ባይመለስለት ይከፋል እንጂ አይደነግጥም። «መያዣ» ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ስሙ ራሱ መያዝን እንጂ መመለስን አያነሳም። ከእነዚህ ሁሉ መመለስን በውስጡ የያዘው «አደራ» ብቻ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡ የእሱ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ተናግሯል። አደራ የበላ ሰው የሚሰጠው ስምም ባለዕዳ ከሚባለው እጅግ የከፋ ነው።

አከራዩ ይህን ቃል የመረጡት ለማለስለስ ነበር። የኋላ ኋላ ያሰራቸውም እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን የቡናው ነገር መጣ።

ሴትየዋ በአንድ የማኅበረሰብ የሕግ ክሊኒክ ስትጠይቅ የቀረበላት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ከማን ጋር ነው የምትጋሪው ተባለች። ሕጉ በ5ኛው አንቀጹ ከተፈጻሚነቱ ውጪ ካደረጋቸው ኑሮዎች አንዱ ተከራዩ ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ከባለቤቱ፣ ከባለቤቱ የትዳር ጓደኛ፣ ከልጁ ወይም ከወላጁ ጋር እንዲጋራ የሚገደድበት፣ እነሱም በዚያው ሕንፃ የሚኖሩበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ተከራይ ወደ ቦርዱ መሄድ አይችልም፤ ያለው አማራጭ የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ነው፣ እዚያም የሚከራከረው የመያዣ ክልከላውን ይዞ ሳይሆን ውሉን ይዞ ነው። ስለዚህ አዲስ መጤዎች በብዛት የሚገቡባቸው ቤቶች፣ ማለትም የሀገር ሰው ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል፣ ወጥ ቤቱ የጋራ የሆነበት፣ ከጥበቃው ውጪ ይወድቃሉ። የሕጉ ሐሳብ አይጠፋም፤ ከአንድ ምድጃ የሚበሉ ሰዎች በአከራይና ተከራይ ሕግ አይተሳሰሩ ነው። ዳፋው ግን የሚያርፈው ሕጉን ማንበብ በማይችሉት ላይ ነው።

ቤዝመንቷ የራሷ ምድጃ፣ የራሷ ሻወር ነበራት። ላይ ቤት የምትወጣው ልብስ ለማጠብ ነው፤ ልብስ ማጠቢያ ወጥ ቤት አይደለም። ነገሩ ቦርድ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ አከራዩ ጋ ሲደርስ ግን እሳቸውም የሚጠይቁት ሰው አግኝተው ኖሮ በስልክ እንዲህ አሏት፦

«አንድ ቤት አይደል የኖርነው? እሑድ እሑድ እኛ ወጥ ቤት ቡና ስትጠጪ አልነበር እንዴ?»

ጠጥታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሌሊት ሥራ ስትገባ፣ እትዬ ከላይ እየጠሯት። ሽንኩርትም ከትፋለች፣ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮም በልታለች። ያ ሁሉ አሁን በስልክ ተቆጠረ። በሕጉ ዐይን ክርክሩ ደካማ ነው፤ አንቀጹ የሚያወራው መጋራት ግዴታ ስለሆነበት ኑሮ ነው፣ ተጋብዞ ቡና መጠጣት ግዴታ አይደለም። ለእሷ ግን የሕጉ ትርጉም ከዚያ በኋላ ብዙ አላጽናናትም። የጠጣችው ቡና የክርክር ነጥብ ሊሆን እንደሚችል አታውቅም ነበር። እትዬ ያውቁ እንደሆነም አልጠየቀችም።

የሰውየውን ወገን ለማየት ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል። ኦንታሪዮ መያዣን በከለከለች በአምስተኛው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኦንታሪዮ መያዣውን አስቀረች፣ ደርግ አከራዩን ራሱን አስቀረ። ከመኖሪያው ሌላ ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ ጡረተኛም እንደ ባለ ብዙ ሕንፃው ተወረሰ፤ ትንንሾቹ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራያቸውም እንዲቀንስ ተደረገ። የአከራዩ አባት በጉለሌ ሁለት ክፍል ነበራቸው። ልጃቸው ያኔ የአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ነበሩ። በዳንፎርዝ ግድም ያለው ቤት በቤተሰቡ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው የሚከራይ ንብረት ነው። «በገዛ ቤቴ» ሲሉ ድምፃቸው ከፍ የሚለው ለዚህ ይሆናል። ቦርድ የሚባል ነገር ሲሰሙ የሚታያቸው የኦንታሪዮ ሠራተኛ ሳይሆን መዝገብ የያዘ የቀበሌ ሰው ቢሆን አይገርምም። ቤዝመንቱ በከተማው ዘንድ እንደ ሁለተኛ መኖሪያ አለመመዝገቡም ያሰጋቸው ነበር። (የኪራይ ሕጉ ፈቃድ በሌለው ቤት የሚኖርንም ተከራይ ይጠብቃል፤ ይህም ብዙ ተከራይ የማያውቀው ነው።)

የራሳቸው ሂሳብም ነበራቸው፤ ቀላል ሂሳብም አይደለም። በ2023 ኦንታሪዮ ለኪራይ ጭማሪ ያስቀመጠችው ጣሪያ 2.5 በመቶ ነበር፤ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ከ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ጋር፣ 35 ዶላር ሊጨምሩባት ይችሉ ነበር። አልጨመሩም። በሁለተኛው ዓመት ብቻ 420 ዶላር ትተውላታል። ይህን አንድም ቀን አላነሱም፤ ያነሱት አምስት መቶዋ ስትጠየቅ ነው። ሕጉ ሳይጨመር የቀረን ኪራይ እንደ ብድር አይቆጥርም። ሰውየው ግን ቆጥረውታል፤ በማይታይ ደብተር፣ በውለታ ዓምድ ሥር። የሀገር ሰው ቤት የሚከራይ ሰው ርካሽ ኪራይ ሲያገኝ የሚፈርመው ይህን ደብተር ነው፤ ቀሪ ሂሳቡን የሚያየው ሲወጣ ነው።

ማመልከቻው ቲ1 ይባላል፤ አከራዩ በማይገባ የያዘውን ገንዘብ ለማስመለስ የሚሞላ ቅጽ። ሞላችው። ቅጹን ስትሞላ ሁለት ነገር አስጨነቃት። አንዱ ጊዜ ነው። ሕጉ ገንዘቡ በሕገ ወጥ መንገድ ከተሰበሰበ ወይም ከተያዘ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የቀረበ ማመልከቻ ትእዛዝ አይሰጥበትም ይላል። ከተሰበሰበ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከተያዘስ? አልመልስም ካሉበት ቀን ይቆጠራል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው «ወይም» በምትለው ቃል ላይ ነው። ሳይከፈል መውጣት የማያስደፍር አከራይ ቤት ውስጥ እየኖሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሰሱ የሚል ሕግ ተከራይን በቅጡ አያውቀውም። ሁለተኛው ወረፋው ነው። የኦንታሪዮ እንባ ጠባቂ በሜይ 2023 ባወጣው ሪፖርት ቦርዱ ከ38 ሺህ በላይ ውዝፍ ማመልከቻ እንደነበረው፣ የአከራዮች ጉዳይ ቀጠሮ ለማግኘት በአማካይ ከሰባት እስከ ስምንት ወር እንደሚወስድ፣ የተከራዮች ግን እስከ ሁለት ዓመት እንደሚቆይ ገልጿል። ለ500 ዶላር ሁለት ዓመት መጠበቅ፤ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ በየእሑዱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መገናኘት።

ቅጹን ሳትልከው ወዳጇ ለሽማግሌ ነገረች።

ሽምግልናው በኖቬምበር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ካፌ የኋላ ክፍል ሆነ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር። ሽማግሌዎቹ ሕጉን አላነሱም፤ ቅጹ እንዳለ ግን ሰምተዋል፣ ቤዝመንቱ እንዳልተመዘገበም ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ሽምግልና ባዶ ሜዳ ላይ የሚካሄድ አድርጎ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው። ቅጹ ባይሞላ ኖሮ ሦስቱ ሰዎች በዚያ ብርድ ለአምስት መቶ ዶላር ይሰበሰቡ እንደነበር ያጠራጥራል። ሰውየው ግድግዳውን፣ ቀቢውን፣ ያልጨመሩትን ኪራይ ተናገሩ። እሷ አጠገባቸው አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ካፌው ድረስ የመጣችው መናገር እንዳለባት እያሰበች ነበር፣ ስትደርስ ይሉኝታ አፏን ያዘው። በ1970 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ገንዘቡን ከአከራይ እጅ ቢያወጣም ይሉኝታን ከተከራይ አፍ ማንሳት አልቻለም። መምህሩ ናቸው በመጨረሻ የጠየቁት።

«ለመሆኑ ሲቀበሏት ምን ብለው ነው የተቀበሉት?»

አከራዩ መዋሸት ይችሉ ነበር። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ።

«አደራ ብያለሁ» አሉ።

«አደራ ቀለም ይቀባል እንዴ?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ፣ ከዚያ ሌላኛውም፤ አከራዩ እየቆዩ። ሦስት መቶው በዚያው ሳምንት፣ ሁለት መቶው ከወር በኋላ እንዲከፈል ተስማሙ። ቃሉ ይዟቸዋል።

ያልተነሳ ነገር ነበር። በሕጉ መሠረት አከራይ በላስት ላይ በየዓመቱ ወለድ ይከፍላል። የ1970ው 6 በመቶ የአሁኑ ሕግ በ2007 ሥራ ላይ ሲውል ቀርቶ ወለዱ ከኪራይ ጭማሪው ጣሪያ ጋር እኩል ሆኗል። ምክንያቱ አይከብድም፤ ኪራይ ሲጨምር ላስትም በዚያው ልክ ማደግ ስላለበት አከራዩ ወለዱን በመክፈል ፈንታ በላስቱ ላይ ይደምረዋል። ኪራይ ካልጨመረ ግን ወለዱ ለተከራዩ በእጁ ይሰጣል፤ ካልተሰጠውም ከሚቀጥለው ኪራይ ላይ መቀነስ ይችላል። በሁለት ዓመት 35 እና 35፣ ሰባ ዶላር። ያልጨመሩት ጭማሪና ያልከፈሉት ወለድ በቁጥር አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጭማሪው በወር፣ ወለዱ በዓመት መሆኑ እንጂ። ሴትየዋ ይህን ታውቅ ነበር። ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ግን «ወለድ» የሚለውን ቃል ማውጣት አልቻለችም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ «ወለድ» ሲባል የሚሰማው አራጣ ነው። አደራ ተመለሰላት፤ በአደራ ላይ ወለድ የጠየቀች ሴት ብትባል ስሙ ለዓመታት ይከተላታል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባም ሕግ አውጥታለች። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የስድስት ወር በአንዴ ሲጠየቅ ለኖረ ተከራይ ትንሽ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቹ ቡና ሲደገም ስለ እሱ አወሩ። አከራዩ አዋጁን ያውቁታል፤ ወንድማቸው ጉለሌ ያከራያል። በጣም አማረሩት። መምህሩ ሰምተው ሲያበቁ የቶሮንቶው እንደሚከፋ ነገሯቸው።

ሦስት መቶው ሐሙስ ዕለት በኢ-ትራንስፈር ገባ። ሁለት መቶው ዲሴምበር ላይ ሦስት ቀን ዘግይቶ መጣ፤ መልእክት በሚጻፍበት ቦታ «ቀሪው» ይላል። ያልተላከው ቅጽ ስልኳ ውስጥ አለ፤ በድምር ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 570 ነው። ለገና እትዬ ደውለው ጠርተዋት ነበር። ሌሊት ሥራ ገብታ ስለነበር ስልኩን አላነሳችውም፤ መልእክቱን የሰማችው ጠዋት ባቡር ውስጥ፣ ግሪንዉድን አልፋ ነው።